ቀለሙን የተነጠቀ ፎቶ፦ በጦርነት ጊዜ መንግሥታት ስልካችን ላይ የሚሠሩት ሥራ

አንድ ፎቶ ልንገራችሁ። ረጅም መንገድ ላይ ብዙ ሕዝብ ይጓዛል። ጓዙን ተሸክሟል፣ ደክሞታል። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፤ ደብዘዝ ስላለ ከቅድመ አያት ዘመን የተረፈ ይመስላል። ከሥሩ የተጻፈው ደግሞ እንግሊዞች የታችኛውን ሚያንማር ከያዙ በኋላ "ቤንጋሊዎች" አገሪቱን ሰብረው እንደገቡ ይናገራል።

ፎቶው የወጣው የሚያንማር ጦር የሕዝብ ግንኙነትና የሥነ ልቦና ጦርነት ክፍል በጁላይ 2018 ባሳተመው ባለ 117 ገጽ መጽሐፍ ውስጥ ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) "ቤንጋሊ" የሚሏቸው ሮሂንጋዎችን፣ የሚያንማርን አናሳ ሙስሊም ሕዝብ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት፣ ከኦገስት 2017 ጀምሮ፣ ከ700,000 በላይ ሮሂንጋዎች ከዚሁ ጦር ሸሽተው ባንግላዴሽ ገብተዋል። መጽሐፉ የሚለው ባጭሩ "እነዚህ ሰዎች ድሮም የዚህ አገር ሰዎች አልነበሩም" ነው።

የሮይተርስ ጋዜጠኞች ፎቶውን የምስል መፈለጊያ ውስጥ አስገቡትና ዋናውን አገኙት። ዋናው ባለ ቀለም ነው። የተነሳው በ1996 ነው። ሰዎቹ የሩዋንዳን ቀውስ ሸሽተው ታንዛኒያ የነበሩ ሁቱዎች ናቸው፤ ፎቶግራፈሯም ለዚያ ሥራዋ የፑሊትዘር ሽልማት አግኝታለች። ማለትም አንድ ሰው ኮምፒውተር ፊት ቁጭ ብሎ፣ ተረጋግቶ፣ ፎቶውን ቀለሙን ነጥቆ አስረጅቶታል።

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ፎቶ አለ። አንድ ሰው የእርሻ መሣሪያ ይዞ ከሁለት አስከሬኖች በላይ ቆሟል። ጽሑፉ "ቤንጋሊዎች የአገሬውን ሰው በጭካኔ ገደሉ" ይላል። እውነቱ ግን ፎቶው የ1971 የባንግላዴሽ ነፃነት ጦርነት ነው፣ ዳካ ላይ የተነሳ፣ የሞቱትም ቤንጋሊዎች ናቸው። ሦስተኛው ፎቶ ሰው የታጨቀበት ጀልባ ነው። ወደ ሚያንማር እየገቡ ነው ተብሎ ተጽፎበታል። ፎቶው የተነሳው በ2015 ሲሆን ሰዎቹ ከሚያንማር እየሸሹ ነበር። ምስሉን አዙረው፣ አደብዝዘው፣ ስደተኛውን ወራሪ አደረጉት።

በዚህ የጀመርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ጦርነት ፕሮፓጋንዳ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን ፈጥሮ የሚያወራ ሰው ነው፤ የበሬ ወለደ ወሬ። ትልቁ ሥራ ግን የሚሠራው በእውነተኛ ነገር ነው። ሰዎቹ እውነተኛ ናቸው፣ ስደታቸው እውነት ነው፣ አስከሬኖቹም አስከሬን ናቸው። ውሸቱ ያለው ከሥር በተጻፈችው አንዲት መስመር ላይ ነው። እና ይህ አሠራር ዛሬ በየጦርነቱ፣ በየቀኑ፣ ስልካችን ላይ ይመጣል። የሶርያ ቪዲዮ የጋዛ ተብሎ፣ የዛሬ አሥር ዓመት ፍንዳታ የዛሬ ማታ ተብሎ። ዲፕፌክ ዲፕፌክ ሲባል እንሰማለን፣ በኮምፒውተር የተፈበረከ የሰው ምስልና ድምፅ ማለት ነው፣ ልክ ነው ያስፈራል፤ ግን አሁንም ብዙውን ሥራ የሚሠራው አሮጌ ፎቶ ከአዲስ ጽሑፍ ጋር ነው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ሙያም አይጠይቅም።

የሚያንማርን ነገር ትንሽ ልቆይበት፣ ምክንያቱም መንግሥት ለጦርነት እንዴት አስቀድሞ እንደሚዘጋጅ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። ኒውዮርክ ታይምስ በኦክቶበር 2018 እንዳወጣው፣ ጦሩ ውስጥ እስከ 700 የሚደርሱ ሰዎች በዚህ ሥራ ተሰማርተው ነበር። ሥራው የተጀመረው ከዓመታት በፊት ነው። መጀመሪያ የከፈቷቸው የፌስቡክ ፔጆች ስለ ፖለቲካ አልነበሩም። ስለ ዘፋኞች፣ ስለ ሞዴሎች፣ ስለ ታዋቂ ሰዎች ነበሩ። ሰው ወደዳቸው፣ ተከተላቸው፣ ለጓደኛው ሼር አደረጋቸው። ተከታይ ከበዛ በኋላ በዚያው በር ጥላቻው ገባ። ፌስቡክ በኦገስት 2018 ከጦሩ ጋር የተያያዙትን አካውንቶችና ፔጆች ሲዘጋ፣ የጦር አዛዡን የሚን አውንግ ህላይንግን ጨምሮ፣ ወደ 12 ሚሊዮን የሚጠጋ ተከታይ ነበራቸው። እስቲ አስቡት፣ ሰውየው ዘፈን ወዶ ነው ፔጁን የተከተለው። ከሦስት ዓመት በኋላ ጎረቤቱ ጠላቱ እንደሆነ የሚነግረው ያው ፔጅ ነው፣ እና ያምነዋል፣ ምክንያቱም ፔጁን "ያውቀዋል"።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። በ2017 የጦሩ ሰዎች ለቡድሂስቱም ለሙስሊሙም፣ ለየብቻ፣ "ሊያጠቋችሁ እየተዘጋጁ ነው" የሚል ወሬ በትነዋል። ለሁለቱም። አንዱ እጅ ሁለቱን አስፈራርቶ፣ ከዚያ ጠባቂያችሁ እኔ ነኝ ይላል። ሰው ሲፈራ ኃይለኛ ጠባቂ ይፈልጋል፤ የሥራው ጥቅም ይኸው ነበር።

ሚያንማር ብቻ ነው እንዴ? አይደለም። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2017 ሲቆጥሩ ሶሻል ሚዲያን ሕዝብ ለማወናበድ የሚጠቀሙ መንግሥታትና ፓርቲዎች ያሉባቸው አገሮች 28 ነበሩ። በ2020 ደግሞ 81 ሆኑ። በሩሲያዋ ከተማ ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ ሳቩሽኪና ጎዳና ቁጥር 55 የነበረውን ቢሮ ብዙ ሰው ሰምቷል። ሠራተኛው በፈረቃ ገብቶ፣ የሐሰት ስም ለብሶ፣ በቀን ይህን ያህል ኮሜንት ተብሎ ተቆጥሮለት የሚሠራበት ቤት ነበር። ፌስቡክ ራሱ እስከ 126 ሚሊዮን አሜሪካውያን የዚያን ቤት ፖስቶች አይተው ሊሆን እንደሚችል ተናግሯል። ባለሀብቱ ዬቭጌኒ ፕሪጎዢን ለዓመታት "የኔ አይደለም" ሲል ቆይቶ በፌብሩዋሪ 2023 "የመሠረትኩት እኔ ነኝ" አለ። ያው ሰውዬ ዋግነር የተባለውን ቅጥረኛ ጦርም ያቋቋመ ነው። ወሬውና ጠመንጃው ከአንድ ኪስ ነበር የሚወጡት።

ግን እነዚህ ቢሮዎች በትክክል ምን ይፈልጋሉ? ብዙ ሰው "አንድ ውሸት እንድናምን" ይላል። እኔ አይመስለኝም፤ ቢያንስ ሁልጊዜ አይደለም።

ጁላይ 17 ቀን 2014 የማሌዢያ አየር መንገድ ኤም ኤች 17 ምሥራቅ ዩክሬን ላይ ተመትቶ ወደቀ። 298 ሰው አለቀ፣ 196ቱ ሆላንዳውያን ነበሩ። በሚቀጥሉት ወራት ከሩሲያ መንግሥትና ከመንግሥት ሚዲያው የወጡትን ታሪኮች አስታውሱ። የዩክሬን ተዋጊ ጄት መታው ተባለ። አይ፣ የዩክሬን ሚሳኤል ነው ተባለ። አይ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት ቀድሞ የሞቱ ሰዎች ናቸው የሚልም ተወራ። ካርሎስ የሚባል ስፔናዊ የበረራ ተቆጣጣሪ ምስክርነት ሰጠ ተብሎ ተሰራጨ፣ እንዲህ ያለ ተቆጣጣሪ ኪየቭ ውስጥ አልነበረም። እነዚህ ታሪኮች እርስ በርስ ይጣላሉ። አንዱ እውነት ከሆነ ሌላው ውሸት ነው። ይህ ግን አላስጨነቃቸውም። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የምርምር ተቋም በ2016 ይህን አሠራር በእሳት አደጋ ቱቦ መስሎታል፤ ውሃው በብዛት፣ በፍጥነት፣ ከየአቅጣጫው፣ ሳያቋርጥ ይረጫል፤ እውነት ይሁን አይሁን፣ ይጋጭ አይጋጭ ግድ የለውም።

እንዲህ ያለ ጎርፍ ውስጥ የገባ ሰው ምን ያደርጋል? ይደክመዋል። "ማን ያውቃል፣ ሁሉም ይዋሻል" ብሎ ስልኩን ያስቀምጣል። በቃ፣ ሥራው ተሠራ ማለት ነው። መንግሥት አምነኸው ባታጨበጭብለትም ግድ የለውም፤ ተስፋ ቆርጠህ ዞር ካልክለት ይበቃዋል። የሆላንድ ፍርድ ቤት በኖቬምበር 2022 ሦስት ሰዎችን በሌሉበት ጥፋተኛ ሲል፣ ሚሳኤሉም ከሩሲያ የመጣ፣ ቡክ የሚባል ዓይነት መሆኑ ሲረጋገጥ፣ ስምንት ዓመት አልፎ ነበር። ስንቱ ሰው ነው ያን ፍርድ የሰማው? ከሰማው ውስጥስ ስንቱ ነው "እሱም የራሳቸው ፍርድ ቤት ነው" ያላለው? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን። ይጠራል፣ እውነት ነው። ግን ሲጠራ የሚያየው ሰው ቀድሞ ተኝቷል።

ቻይና ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። የሃርቫርድ ተመራማሪዎች በ2017 ባወጡት ጥናት የመንግሥት ሰዎች በዓመት ወደ 448 ሚሊዮን የሚጠጋ ፖስት ተራ ሰው መስለው እንደሚጽፉ ገምተዋል። የሚገርመው አብዛኛው ክርክር አይደለም። ተቃዋሚን አይመልሱም፣ አይሳደቡም። ወሬ ይለውጣሉ። ነገር ሲጦዝ በምስጋናና በደስታ ፖስት ያጥለቀልቁታል። ዝም ማሰኘት ሳያስፈልግ ድምፁን መዋጥ ማለት ይኸው ነው።

ከዚህ ሁሉ ክፋቱ የባሰብኝ ዘዴ ደግሞ የእውነት አጣሪ ልብስ ለብሶ የሚመጣው ነው። በማርች 2022፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች በሁለተኛው ሳምንት፣ ፕሮፐብሊካ የተባለው የምርመራ ሚዲያ ከክሌምሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ አንድ ነገር ደረሰበት። ሁለት ቪዲዮ ጎን ለጎን የተቀመጡባቸው ፖስቶች ይዞሩ ነበር። በአንዱ በኩል "ዩክሬኖች ይህን የሩሲያ ሚሳኤል ጥቃት ብለው አሰራጩት"፣ በሌላው በኩል "እውነቱ ግን የ2017 የካርኪቭ መሣሪያ ግምጃ ቤት ፍንዳታ ነው"። ንጹሕ ማጣራት ይመስላል። ችግሩ፣ ያንን ቪዲዮ እንደ ሚሳኤል ጥቃት አድርጎ ያሰራጨ ሰው ፈልገው አላገኙም። ውሸቱንም ማጋለጡንም አንድ ቤት ነው የሠራው ማለት ነው። ለምን ይህን ያህል ይደክማሉ ብትሉ፣ ነገ እውነተኛ ጥቃት ሲደርስና እውነተኛ ቪዲዮ ሲወጣ "ይኸም እንደዛኛው ነው" እንድትሉ ነው።

ኤፕሪል 2022 ኪየቭ አጠገብ ባለችው ቡቻ ከተማ የሆነው ይኸው ነው። የሩሲያ ጦር ከወጣ በኋላ ያብሉንስካ በተባለው ጎዳና ላይ የሲቪሎች አስከሬኖች ተገኙ። ሞስኮ "ድራማ ነው፣ እኛ ከወጣን በኋላ የተደረደሩ ናቸው" አለች። አንድ ቪዲዮ ቆርጠው፣ አስከሬኑ እጁን ሲያንቀሳቅስ ይታያል እያሉ አዞሩት። ቪዲዮው ከመኪና ውስጥ የተቀረጸ ነው። ተንቀሳቀሰ የተባለው መስተዋቱ ላይ የነበረ የውሃ ጠብታ ነው፤ ሌላው ተነስቶ ተቀመጠ የተባለው ደግሞ የመኪናው የጎን መስተዋት ያጣመመው ምስል ነው። ከዚያ በኋላ የወጡት የሳተላይት ፎቶዎች አስከሬኖቹ ጎዳናው ላይ ከማርች አጋማሽ ጀምሮ፣ ከተማው በሩሲያ ጦር እጅ እያለ፣ እንደነበሩ አሳዩ። አንድ ሰው መንገድ ላይ ተገድሎ ለሳምንታት ሳይቀበር ይከርምና፣ ሲገኝ ደግሞ "ተዋናይ ነህ" ይባላል። ሁለት ጊዜ ተበደለ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሩሲያና ሚያንማር ላይ ስላተኮረ "እነሱ ናቸው የሚዋሹት" የሚል ስሜት እንዳይፈጠር። የአሜሪካ ጦር ራሱ፣ ሮይተርስ በጁን 2024 እንዳጋለጠው፣ ከ2020 እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ በትዊተር ላይ ቢያንስ 300 የሐሰት አካውንት ከፍቶ፣ ፊሊፒናዊ መስሎ፣ የቻይናን የኮቪድ ክትባት ሕዝብ እንዳይወስድ ሲቀሰቅስ ነበር። ዓላማው ቻይናን መጉዳት ነው፤ አደጋው የወደቀው ግን በወረርሽኝ መሃል ክትባት በሚጠብቀው ሰው ላይ። ይህን ሳነብ በጣም ተናደድኩ። የእስራኤል የዲያስፖራ ጉዳዮች ሚኒስቴርም የጋዛ ጦርነት ከጀመረ በኋላ ወደ 2 ሚሊዮን ዶላር መድቦ፣ የአሜሪካ ምክር ቤት አባላትን ለማግባባት በሐሰት አካውንቶችና በሐሰት የዜና ገጾች ዘመቻ እንዳሠራ ኒውዮርክ ታይምስ በ2024 ጽፏል። ኢትዮጵያንም መዝለል ተገቢ አይሆንም። ፌስቡክ በጁን 2021 የአገር ውስጥ ሕዝብን ዒላማ ያደረገ የሐሰት አካውንቶች መረብ ሲዘጋ ከመረጃ መረብ ደህንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ሰዎች ጋር እንደሚያያዝ ገልጿል። ከ2020 እስከ 2022 በነበረው ጦርነትም በሁለቱም ወገን የተዘጋጁ የትዊተር ጽሑፎች ነበሩ፤ ሰው አንዴ ተጭኖ በራሱ ስም የሚለጥፋቸው፣ በአንድ ሰዓት በሺህ የሚቆጠር ሰው አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር የሚጽፍባቸው።

እነዚያ የሚለጥፉት ሰዎች ቦት፣ ማለትም ራሱ የሚለጥፍ ፕሮግራም፣ አልነበሩም። ተከፋይም አልነበሩም፣ አብዛኞቹ። ወገኑ የሚሞትበት፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ከሩቅ ሆኖ ምን ላድርግ ብሎ የተጨነቀ ሰው ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ኤምአይቲ በተባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ ከ2006 እስከ 2017 የነበሩ ወደ 126,000 የሚሆኑ የትዊተር ወሬዎች ተጠንተው በ2018 ውጤቱ ሲወጣ፣ ውሸቱ ከእውነቱ ይልቅ ሼር የመደረግ ዕድሉ በ70 በመቶ ይበልጥ ነበር። አጥኚዎቹ ሮቦቶቹን አውጥተው ሲያዩትም ልዩነቱ አልጠፋም። የሚያሯሩጠው ሰው ነው። ሐሰተኛው ቢሮ ክብሪቱን ይጭራል፣ ጭዱ ግን እኛ ነን። የተናደደ፣ የፈራ፣ ያዘነ ሰው ለማጣራት ጊዜ የለውም፤ አልጎሪዝሙም የሚወደው እንደዚያ ያለውን ሰው ነው፣ ብዙ ስለሚጽፍ፣ ብዙ ስለሚቆይ።

እኔም አድርጌዋለሁ። አንድ ማታ ጨለማ ሰማይ ላይ ጥይት የሚዘንብበት፣ ከላይ የሚመጣ ነገር ሲመታ የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁና "እግዚአብሔር ይሁናችሁ" ብዬ ሼር አደረግኩት። ለካ አርማ 3 የሚባል የኮምፒውተር ጌም ነው። የጌሙ ሠሪዎች በኖቬምበር 2022 ራሳቸው መግለጫ አውጥተው ነበር፣ ጌማችን የጦርነት ዜና እየተባለ ነው ብለው። መለያውንም ተናግረዋል፦ ጥራቱ ዝቅ ያለ፣ ካሜራው የሚንቀጠቀጥ፣ ብዙ ጊዜ ማታ፣ ድምፅ የሌለው፣ የሚንቀሳቀስ ሰው የማይታይበት። አንድ በአንድ ያየሁት ቪዲዮ ላይ ነበር። ላጠፋው ስል ሰላሳ ምናምን ሰው ወስዶታል። ለጥቂቶቹ በውስጥ መስመር ጻፍኩላቸው። አንዷ "ማን ይሁን ምን ለውጥ አለው፣ እውነቱስ ከዚህ ይብሳል" አለችኝ። ያ መልስ እስካሁን አብሮኝ አለ።

ምክንያቱም ብዙ ሰው በልቡ የሚያስበው ይህንን ነው። የኛ ወገን እውነት አለው፣ እንግዲህ ትንሽ ቢጋነን ምን አለበት? በፌብሩዋሪ 2022 የኪየቭ ሰማይ ላይ ብቻውን ብዙ የሩሲያ አውሮፕላን የጣለ "መንፈስ" ፓይለት አለ ተብሎ ዓለም ሲያወራ ከርሞ፣ የዩክሬን አየር ኃይል በኤፕሪል መጨረሻ "ሕዝብ የፈጠረው አፈ ታሪክ ነው" አለ። ይዞሩ ከነበሩት ቪዲዮዎች አንዱም ከጌም የተወሰደ ነበር። ለተጨነቀ ሕዝብ ብርታት ሰጥቶ ይሆናል፣ እሺ። ሞራል ይፈልጋሉ። ግን የዚህ ነገር ሂሳብ ኋላ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው፣ እሱን ላሳያችሁ።

በ1917፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ፣ የእንግሊዝ ጋዜጦች ጀርመኖች የሞቱ ወታደሮቻቸውን አስከሬን እየቀቀሉ ስብ የሚያወጡበት ፋብሪካ አላቸው ብለው ጻፉ። የወሬው መነሻ አንድ የጀርመንኛ ቃል ነው፤ ጀርመኖች ለእንስሳት ሬሳ የሚጠቀሙበት ቃል ለሰው ተደርጎ ተተረጎመ። ወሬው ዓለምን ዞረ፣ ሕዝቡ ተቆጣ፣ ጠላትነቱ ጠነከረ። በዲሴምበር 1925 የእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኦስተን ቻምበርሊን የጀርመንን ማስተባበያ ፓርላማ ውስጥ ተቀበሉ። ውሸት ነበር ማለት ነው። ያኔ ብዙ ሰው "በጦርነት ጊዜ የሚወራ የግፍ ወሬ ሁሉ እንዲህ ነው" ብሎ ደመደመ።

ቀጥሎ 1943 መጣ። ናዚዎች ሰውን በጋዝ ክፍል እየፈጁ መሆናቸውን የሚናገር መረጃ ለንደን ሲደርስ፣ የእንግሊዝ የጋራ ስለላ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበረው ቪክተር ካቨንዲሽ ቤንቲንክ የጋዙ ወሬ ያንን ያለፈውን ጦርነት የሬሳ ስብ ውሸት እንደሚያስታውሰው ጻፈ። መረጃው እውነት ነበር። ሰዎቹ እየሞቱ ነበር። ከ26 ዓመት በፊት በጎ ሥራ የሠራን መስሏቸው አንድ ወሬ ያጋነኑ ሰዎች፣ ሳያውቁት፣ የእነዚያን ሟቾች ምስክርነት አስቀድመው አርክሰውታል።

ለዚያች ልጅ ያኔ የምመልሰው አጥቼ ነበር። አሁን ቢሆን ይህን እነግራት ነበር።

ሌላ ብዙ የማይወራ ነገር አለ፤ መንግሥት ከሚናገረው በላይ የሚከለክለው ይሠራል። ሩሲያ በማርች 4 ቀን 2022 ስለ ጦሩ "የሐሰት ወሬ" ያሰራጨን እስከ 15 ዓመት የሚያሳስር ሕግ አወጣች፣ በዚያው ወር ፌስቡክ፣ ትዊተርና ኢንስታግራም ተዘጉ። ጦርነቱን "ጦርነት" ማለት ራሱ ችግር ሆነ። ሌሎች ደግሞ ኢንተርኔቱን ጨርሰው ያጠፋሉ። ጋዜጠኛ የማይገባበት፣ ኔትወርክ የሌለበት ቦታ የሚሞላው በወሬ ነው፣ እና ከዚያ የሚወጣውን አንድ ቪዲዮ ማንም ማጣራት አይችልም፤ በኋላ ደግሞ "ማስረጃ የታለ?" የሚለው ያው የዘጋው ሰው ነው። ሰባራ ቪዲዮ ልኮ ለሚለምን ሰው እባካችሁ ቶሎ አትፍረዱበት።

አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የት ገባ ትሉኝ ይሆናል። ማርች 16 ቀን 2022 ፕሬዚዳንት ዜለንስኪ ወታደሮቹን መሣሪያ አስቀምጡ ሲል የሚያሳይ ዲፕፌክ ወጣ፣ አንድ የዩክሬን ቴሌቪዥን ጣቢያ ድረ ገጽም ተጠልፎ እዚያ ተለጠፈ። ጭንቅላቱ ከሰውነቱ ጋር አልገጠመም፣ ድምፁም የሱ አልነበረም። ግን የከሸፈው በጥራቱ ብቻ አይመስለኝም። የዩክሬን መንግሥት ከሁለት ሳምንት በፊት "እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሊመጣ ይችላል፣ ተጠንቀቁ" ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ ዜለንስኪም ወዲያው በራሱ ስልክ ቀርጾ ወጣ። ሰው አስቀድሞ ከተነገረው ይዘጋጃል። ከዚያ ወዲህ ቴክኖሎጂው በጣም ተሻሽሏል። ቻትጂፒቲን የሠራው ኦፕንኤአይ በሜይ 2024 ከሩሲያ፣ ከቻይና፣ ከኢራንና ከእስራኤል የተነሱ አምስት ስውር ዘመቻዎች የሱን መሣሪያ ሲጠቀሙ እንዳገዳቸው ተናግሯል። ድሮ 700 ሰው የሚፈልገው ሥራ ዛሬ በጥቂት ሰው ይሠራል ማለት ነው። የዲፕፌክ ዋናው ጉዳት ግን እውነተኛው ቪዲዮ ላይ የሚያመጣው ጥርጣሬ ነው። ወንጀለኛ በቪዲዮ ተይዞ "ኤአይ ነው" ማለት ጀምሯል።

ይህ ሁሉ እየባሰ ባለበት ሰዓት የሚያዩ ዓይኖች እየቀነሱ መሆኑ ያሳስበኛል። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ፣ ጋዜጠኞችና አጥኚዎች የወሬን ጉዞ የሚከታተሉበትን ክራውድታንግል በኦገስት 2024 ዘጋው። የስታንፎርድ የኢንተርኔት ክትትል ማዕከል በዚያው ዓመት ሥራው ተዳክሞ ተበተነ። በጃንዋሪ 2025 ሜታ አሜሪካ ውስጥ ከውጭ አጣሪዎች ጋር የነበረውን ሥራ እንደሚያቆም አስታወቀ። ከአራት ወር በኋላ፣ ሜይ 2025፣ ሕንድና ፓኪስታን ለአራት ቀን ሲታኮሱ፣ አንዳንድ የሕንድ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች የካራቺ ወደብ ወደመ ብለው በቀጥታ አወጁ። ወደቡ ቦታው ላይ ነበር። ሁለቱም አገሮች ኑክሌር አላቸው። ሕዝብ በሌለ ድል ሰክሮ "ጨምሩ" ሲል መሪዎች ወደ ኋላ መመለስ ይከብዳቸዋል፤ የወሬ አደጋ እዚህ ድረስ ይሄዳል።

እኔ አሁን የማደርገው ቀላል ነገር ነው። ደሜን ያፈላውን ፖስት ዝም ብዬ አላሳልፈውም፣ ሼርም አላደርገውም፤ መጀመሪያ ቪዲዮውን አቁሜ ስክሪንሾት እወስዳለሁ፣ ጎግል ሌንስ ወይም ቲንአይ የተባሉት የምስል መፈለጊያዎች ላይ አስገባዋለሁ። ብዙ ጊዜ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ከ2016 ወይም ከ2019 የወጣ ከሆነ ወዲያው ይታያል። ካልተገኘ የለጠፈው ማን ነው፣ አካውንቱ ከጦርነቱ በፊት ስለ ምን ይጽፍ ነበር ብዬ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ታርጋ፣ የሱቅ ጽሑፍ፣ የጥላ አቅጣጫ፣ ዝናብ ወይስ ፀሐይ፣ እነዚህን አያለሁ። አሁንም እርግጠኛ ካልሆንኩ እተወዋለሁ። ባልለጥፈው የሚጎዳ ሰው የለም፣ ጋዜጠኛ አይደለሁም። እውነት መሆኑን ካረጋገጥኩ ግን፣ ወገኔን የሚያሳፍር ቢሆንም፣ አስቀምጠዋለሁ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ሊንኩን ጽፌ። ኤም ኤች 17ን የመታው ቡክ ከየት እንደመጣ ለማወቅ የረዱት በመንገድ ያለፉ ሰዎች ቀርጸው የለጠፏቸው ፎቶዎችና ቪዲዮዎች ናቸው።

ወደ መጀመሪያው ፎቶ ልመለስ። ሮይተርስ ጉዳዩን ካወጣ በኋላ፣ በሴፕቴምበር 2018 መጀመሪያ፣ የሚያንማር ጦር በራሱ ጋዜጣ ላይ ከፎቶዎቹ ሁለቱ በስህተት ታትመዋል ብሎ አጭር ይቅርታ አወጣ። ይቅርታው የተጠየቀው አንባቢዎችንና የፎቶዎቹን ባለቤቶች ነው። ሮሂንጋ የሚል ቃል አልነበረበትም።